ሦስት እጅ ኖራ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታፔላ ጽፌያለሁ፣
የመጋላን ግድግዳ ቁጥር አልብሼያለሁ።
«ጎማ እንጠግናለን፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ»፣
«ሠርግ እንቀርፃለን፣ ቀን ሳይሞላ ቶሎ በሉ»፤
ከሥሩ፣ ከግራ ጥግ፣ ስሜን አስከትዬ፣
የራሴንም ስልክ፣ ሥራ ይምጣ ብዬ።

ምን የሚደበቅ አለ በዚህች በኔ ድሬ፣
ቤት ውስጥ በማይታደርባት፣ በሙቀት አገሬ?
አልጋ ደጅ አውጥተን፣ ኮከብ እየቆጠርን፣
የጎረቤት ቅዠት እየሰማን አደግን።

ግን ደንብ ነበረው። ማታ የሚያልፍ ሰው
ሳሉን አስቀድሞ ነው ደጃፍ የሚደርሰው፤
ሽርጡ የተገለጠ፣ አፉን የከፈተ
እንቅልፋም ቢያይ እንኳ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ፣ ለወሬ አልሸመተ።
«አላየሁም» ማለት፣ እሱ ነበር በራችን፣
እሱ ነበር ቁልፉ፣ እሱ ነበር አጥራችን።

አንድ ቀን ሂቦ መጣች ከነጓደኞቿ፣
ያጠራቀሙትን ብር ጨብጣ በእጆቿ።
«አብዶሽ፣ የደቻቱን ግንብ አስፈቅደናል አቦ፤
ሁለት ዓይን ሣልልኝ፣ የኔን» አለች ሂቦ።
«ትልቅ ይሁን፣ ትልቅ፣ ከድልድዩ እንዲታይ።
ከዚያ በኖራ አጥፋው፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ።»

የዘይት ቀለም እኮ በኖራ አይጠፋም፤
ነገርኳት። «አውቃለሁ። ባይሆንማ አልመጣም።»

በኋላ ነው ኢፍቱ ነገሩን ያወራችኝ፤
ፎቶውን አላየሁም፤ ላሳይህም አላለችኝ።
የእህቷ ሠርግ ነበር፣ የሴቶቹ ክፍል፣
ሻሿን አውልቃ፣ ስቃ፣ ፀጉሯ ሲንጠለጠል።
ለአንዷ ብቻ ላከች፤ አንዷ ለወንድሟ፤
ሲነጋ ቴሌግራም ላይ ፎቶዋ ከነስሟ፣
ከነሰፈሯ፣
ከነስልክ ቁጥሯ።

ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል ነገሩን፦
ግመል ሲያቋርጥ ውሎ ደረቅ አሸዋውን፣
ጠብ ሳይል ከሰማይ፣ ነፋስ ሳያስጠነቅቅ፣
ደንገጎ የዘነበው ድሬን ሲያጥለቀልቅ።
«ምን አድርገሽ ነው?» ነው ሰው ሁሉ የሚላት፤
«የት ነው የዘነበው?» ያለ አልተገኘላት።

አራት ቀን በመሰላል። ያለፈው ይጠይቃል፦
«የዓይን ሐኪም መጣ እንዴ? መነጽር ይሸጣል?»
ዝም ብዬ ሽፋሽፍት በቀጭን ብሩሽ መዘዝኩ፤
ከፊደል ይከብዳል፤ ሁለቴ ጠርጌ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት። ባጃጆች ጥግ ይዘው ቆሙ፤
ቃሚዎች ከጥላው ጉንጫቸውን ሞልተው አዘገሙ።
አንድ እጅ ኖራ ቀባሁ። በድሬ ፀሐይ ኖራ
ለመድረቅ ምን ይፈጃል? ግራ ዓይኗ ከሥሩ አበራ።
ሁለተኛ እጅ ቀባሁ። ቀኝ ዓይኗም ተከተለ።
ሦስተኛ። ክንዴ ዛለ።
ዓይኖቹ ገረጡ፣ መሰሉ እንደ አመድ፤
ያዩናል አሁንም፤ ሰው የለም የሚራመድ።

ሂቦ ወደ ግንቡ ጣቷን ቀሰረችና፣
«‹አጥፍቼዋለሁ› ብሎ ልጁ ጽፎልኛልና፣
ይኸው፣ ጠፋ» አለች።
ሌላ ንግግር የላት፤ ብሩሼን ተቀብላ ቆርቆሮው ውስጥ ነከረች።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አደረገ።
ከፍ እንዳደረገ ቆመ።
ጉሮሮውን ጠረገ።
«ይቅርታ፣ ላንሳው?» አለ። እኔ አባቴን አስታወስኩ፣
ያቺን የማታ ሳል። መሰላሉ ላይ ደነገጥኩ።
«ግንቡን» አለች ሂቦ፤ «እኔን ግን አታንሳ።»
ዞር እስክትል ድረስ ጠብቆ አነሳ።

ሊመሽ ሲል ናርዶስ ሳቀች፣ ሆዷን እስኪያማት፦
«አብዶሽ፣ ያ ምንድን ነው?» ግራ ጥጉን አሳየች በጣት።
ስሜና ቁጥሬ! እጄ በልማድ ጽፎታል።
ቀባሁት። ቀባሁት። ዛሬም ይነበባል።

ትናንት ሌሊት ጮኸ፤ የማላውቀው ስልክ ነው።
«ጋሼ… ግንቡ ላይ አይቼ…» ድምፁ የልጅ ነው።
አልጋዬ ደጅ ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።
«ፎቶ ያጠፋሉ?»
ቆርቆሮዬ ውስጥ ኖራው ደርቋል።
ከአልጋዬ ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
«የት ነው የዘነበው?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።